የአያ ሳው ሳል

መጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እጄ ብዕር አልለመደም። ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስሜን እንኳ ስጽፍ ሰው እንዳያይብኝ ወረቀቱን በመዳፌ የምሸፍን ሰው ነኝ። ግን የጎረቤቴን የሉዋን ነገር መጻፍ የሚችሉት ሁሉ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ እኔ ደግሞ ጊዜ አለኝ። እሷንም አስፈቅጃታለሁ። «ጻፈው፤ ብቻ ደግ ሴት አድርገህ እንዳትጽፈኝ። ተናድጄ ነበር» ብላኛለች። እንግዲህ እንደነገረችኝ ነው የምጽፈው። የተንጋደደ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሉዋ የአያ ሳው ምራት ናት። ቤታቸው ቦዩ ዳር ነው፤ ኮኮናቶቹ ወደ ውሃው ካጎነበሱበት አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ገበያው መግቢያ ላይ ሸራ ወጥራ፣ በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናዋን ከፊቷ አድርጋ ትቀመጣለች። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የተማሪ ሸሚዝ ትሰፋለች። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው። እጇን የሚያማ የለም። አንድ ነገር ብቻ አትችልም፤ የሙሽራ ረጅም ቀሚስ ላይ አንገት ዙሪያ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ኮሌታ። የቀሚሱን ሌላ ሌላውን ሁሉ ቆርጣ ሰፍታ ትጨርስና ለኮሌታው ሲሆን ወንዙ ማዶ ላለች ሰፊ ትልከዋለች።

«ይህን ሁሉ የቻልሽ ሴት ኮሌታ እንዴት ያቅትሻል?» ሲሏት፣

«አማቴን ጠይቁ» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉዋ ልጃገረድ ሳለች ሳ ዴክ ከተማ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ትማር ነበር። ሴትዮዋ የምታስተምረው በተራ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ መትከል፣ ቀጥሎ ሱሪ፣ ከዚያ እጅጌ። ኮሌታውን መጨረሻ ላይ አስቀምጣዋለች፤ እሱን የቻለች ተማሪ በማግስቱ ፊት ለፊቴ ሱቅ ትከፍትብኛለች ብላ ትፈራለች። ሉዋ እጅጌውን ጨርሳ ኮሌታው ላይ ልትደርስ ስትል ከአገር ቤት ጀልባ መጣ። የእጮኛዋ የቤን አባት አያ ሳው ደም እየተፉ ነው፣ ሰርጉ በዚህ ሳምንት ይሁን ይላል መልእክቱ።

እኛ ጋ አባቱ የሞተበት ልጅ ሐዘኑ እስኪወጣ አያገባም፤ ሐዘኑ ደግሞ ሦስት ዓመት ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሊሞት የደረሰ ሰው ካለ ሰርጉ ሞቱን ይቅደመው ተብሎ ይሮጣል። የሉዋና የቤን ሰርግ ገና ሁለት ዓመት ነበረው። በአንድ ሳምንት ሆነ።

ማንም «ቆይ እስቲ» ያለ የለም፤ የሚባልበትም ምክንያት አልነበረም። አያ ሳው ያን ጊዜ ሃምሳን ትንሽ አልፈው ነበር። በዚያ ቤት ደግሞ ሃምሳን ያለፈ ወንድ ታይቶ አይታወቅም። አባታቸው አርባዎቹ ውስጥ ሳሉ ወባ ወሰዳቸው። አያታቸው ጺማቸው ሳይሸብት ጠዋት ሆዴን ብለው ማታ አለፉ። ሳው ማለት ስድስት ማለት ነው፤ እኛ ጋ ልጅ በተራ ቁጥሩ ይጠራል፣ የበኩሩም ቁጥር ከሁለት ይጀምራል። ግን ሦስትን፣ አራትንና አምስትን በእግራቸው ሲሄዱ ያየ ሰው የለም፤ ጡት ሳይጥሉ ነው ያለፉት። እንዲህ ካለ ቤት የተረፉ ሰውዬ ሃምሳን አልፈው ደም ሲተፉ፣ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ድርሻቸውን ኖሩ፣ እንዲያውም ተርፏቸዋል» አለ። እሳቸውም እንደዚያው አሉ።

የሬሳ ሳጥኑም ያኔውኑ ተገዛ። ይህ ነውር እንዳይመስላችሁ፤ ሳጥን አስቀድመው የገዙ ልጆች አሳቢ ልጆች ይባላሉ። ሳጥኑ ጠዋት በጀልባ ደረሰ፣ ሙሽራዋ ከሰዓት በኋላ። ቤቱ ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ስላልነበረ ሳጥኑ ክዳን ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጠፈና የሰርጉ ኬክና የተጠበሰው ዳክዬ እዚያ ላይ ተደረደረ። ሉዋ ለባሏ ወላጆች አጎንብሳ እጅ ስትነሳ ግንባሯ ሳጥኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አያ ሳው ትራስ ተደግፈው «ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ሉዋም አለቀሰች። እሷ ያለቀሰችው ግን ለኮሌታው ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ከመንግሥት ሐኪም ቤት የተላከ ሰው እየመጣ አያ ሳውን ለወራት መርፌ ወጋቸው። ደሙ ቆመ። ሩዙ ሲታጨድ እሳቸው ጀልባ እየቀዘፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አያ ሳው በየዓመቱ ይሞታሉ። አዲሱ ዓመታችን ቴት ሲቃረብ «ይህ የመጨረሻዬ ነው» ይላሉ፤ ቴት ያልፋል። ዝናቡ ሲገባ «ዝናቡን አልወጣውም» ይላሉ፤ ዝናቡ ይወጣል፣ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ይሸኙታል። ሊሞት የተቃረበ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ ምንም አይጀመርም። ሉዋ ለሁለት ወር ወደ ከተማ ተመልሼ ኮሌታውን ልማር ስትል፣ «አማትሽ እያጣጣሩ ጥለሽ ልትሄጂ ነው?» ተባለች። ሰው ሁሉ ጣሪያውን በሸክላ ሲቀይር ቤን «የአባባ ለቅሶ ይለፍና እንሠራዋለን» አለ። ጣሪያው ስንት ዝናብ ሙሉ አፈሰሰ። ሉዋ ባልዲ ደርድራ፣ የምትሰፋው የሰው ልብስ እንዳይረጥብ ሳጥኑ ውስጥ ትከተው ነበር። ደረቅ ቦታ እሱ ብቻ ነበረ።

ሳጥኑ እንግዲህ ያልሆነው ነገር የለም። የዘር ሩዝ ይቀመጥበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል። ውሃው ሞልቶ ቤት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ አግዳሚ ላይ የሚወጣው እሱ ነው፤ የሉዋ ወገብ የታመመው እሱን ስታነሳ ነው። ቦዩ ማዶ አንድ ጎረቤት ድንገት ውሃ በልቶት ሰዎቹ ሳጥን ቢያጡ ከእነ ሉዋ ተበደሩና በዓመቱ አዲስ መለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ የተወሰደው ግን አልተመለሰም። ቤን ሃምሳን እንዳለፈ በጉበት ሞተ። መጠጥ ይወድ ነበር፤ ሉዋ አትደብቀውም። ያን ቀን አያ ሳው ራሳቸው ክዳኑን ከፍተው፣ ዘሩን በሳህን እየዛቁ አወጡና ልጃቸውን በራሳቸው ሳጥን ቀበሩት። በዚያ ሰሞን ብቻ ስለ ራሳቸው ሞት ትንፍሽ አላሉም። ሐዘኑ ሲበርድ ሌላ አሠሩ። ሦስተኛው ሳጥን በጀልባ ሲመጣ ሉዋ በሩ ላይ ቆማ «እግሩን ወደ ውስጥ አዙሩት፣ አለበለዚያ አያልፍም» ብቻ አለች። ልምድ አላት።

የሉዋ እናት ዘጠኝ ወልዳ አራት ቀብራለች። ሉዋ ሦስት ወለደች፣ አንድም አልቀበረችም፤ በእሷ ጊዜ ሕፃን ክትባት ይወጋል፣ ውሃ ይፈላል፣ አጎበር ይሰቀላል። የመጨረሻዋ ልጅ ታም አንድ ይበቃኛል ትላለች፣ እሱንም ገና ስታስብበት ነው። ታም ካን ቶ ከተማ አዋላጅነት ትማራለች። የጀልባ ሞተር የሚጠግን ቶአን የሚባል እጮኛ አላት። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ከዚያ ሊጋቡ ተስማምተዋል። ሉዋ በዚህ ዓለም ላይ በደንብ እንዲሆንላት የፈለገችው ነገር ይህ አንዱ ነው፤ ታም የጀመረችውን ጨርሳ እንድታገባ።

በዚህ ዓመት ታዲያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዘጠናን ያለፉት አያ ሳው ዳክዬ ሲዋኝ አያለሁ ብለው ቦዩ ዳር ተቀመጡና በሰበሱ። ሳል ያዛቸው። ሁለተኛው ቀን ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሦስተኛው ቀን ላይ የቤን ታላቅ እህት እትዬ ሱየን በሞተር መጣች።

እትዬ ሱየን ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ቶሎ ካልተቆረጠ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። ጫማዋን ደጃፍ ላይ ሳታወልቅ ነው የጀመረችው።

«ሰርጉ እሑድ ነው። የቶአንን እናት አነጋግሬያለሁ። ዳክዬም አዝዣለሁ።»

ሉዋ የሰው ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነበርና አፏ ሙሉ ስፒል ነው። ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ታፈጥጪያለሽ?» አለች ሱየን። «አባባ ዛሬ ነገ ናቸው። እሳቸው ካለፉ ታም እስከ መቼ ትቀመጣለች? አባት የላት፤ የአያት ሐዘን እንደ አባት ነው የሚቆጠርባት። ለልጅሽ ነው የማስበው።»

ሉዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች የሸሚዟ ደረት ላይ ሰካች። «ፈተናዋ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ካን ቶ ይጀምራል፣ እትዬ። ካመለጣት ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች።»

«ሞት ፈተና ይጠብቃል?»

«እንግዲህ አርባ ዓመት ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።»

«አፍሽን ሰብስቢ፣ ይሰሙሻል» አለች ሱየን ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አያ ሳው ከወዲያ ጥግ «እሰማለሁ» አሉ፣ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ። «ጆሮዬ ነው ኋላ የሚቀረው።»

ሱየን ለታም ቀድማ ደውላ ኖሮ፣ ልጅቷ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ደረሰች። አያትሽ እያጣጣሩ ነው ተብላ ነው የመጣችው፤ ነጩን የትምህርት ቤት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ማንንም ሰላም ሳትል ሄዳ አያቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይተንፍሱ፣ አያቴ።»

«እየተነፈስኩ ነው። ሳቆም እነግርሻለሁ።»

«በረጅሙ።»

«ከዚህ የበለጠ ረጅም የለኝም።»

ታም ጀርባቸውን ከላይ ታች አዳመጠች። ፊቷ ቀስ እያለ ደም ተመለሰበት፤ ቀጥሎ ደግሞ ንዴት መጣበት፣ ሉዋ ያን ፊት ታውቀዋለች፣ የራሷ ፊት ነው። ታም ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን ይገድላል» አለች ሱየን።

«ይገድላል። ግን ይህኛው አይመስልም። ሳንባቸው ጥሩ ነው። ልባቸው የጀልባ ሞተር ነው። ትኩሳታቸውን እንከታተላለን፣ ትኩስ ትኩስ ይጠጡ። ለዚህ ነው ከትምህርት አዳራሽ ያስወጣሽኝ?»

«አይ፣ ሐኪም ሆነሽ ሞተሻል፣ ገና ሳትፈተኚ።»

«እሱን ነው የምልሽ እኮ። ልፈተን።»

ሱየን መለስ አለችና ከሉዋ ጎን ተቀመጠች። ታምን እያየች ለስለስ ብላ ሌላ መንገድ ሞከረች። «ስሚ ልጄ። እኔም አባቴ እንዲሞቱ አልፈልግም። ግን ዘጠናን አለፉ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይኖራል? ቤታችንን ታውቂያለሽ፣ ከእሳቸው በቀር ማን ከሃምሳ ብዙ አለፈ?»

«የድሮው ሌላ ነው አክስቴ። አያቴ የተወለዱ ጊዜ ሰው በአማካይ አርባ እንኳ አይኖርም ነበር ብለው አስተምረውናል። አሁን በአገሩ ሁሉ ሰባን አልፏል።»

አያ ሳው ይህን ሲሰሙ ዞሩ። «አርባ? እንግዲያው እኔ የሁለት ሰው በልቻለሁ።»

«እንደሱ አይደለም። አርባ ሲባል ሁሉም ሰው አርባ ላይ ይሞታል ማለት አይደለም። የሕፃናቱም አብሮ ይደመራል። የእርስዎ ሦስት፣ አራትና አምስት አሉ አይደል? እነሱ ናቸው ቁጥሩን ወደ ታች የጎተቱት። ከሕፃንነት ያመለጠ ሰውማ ያኔም ቢሆን የሚያረጅ አለ።»

«አምስት የተባለው አሥር ቀን ነው የኖረው» አሉ አያ ሳው። «እናቴ ነግራኛለች። ሴት ትሁን ወንድ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።»

ጀልባ አለፈ፤ ሞተሩ ከራቀ በኋላ ማዕበሉ ደረጃውን ጧ ጧ አደረገው።

«እና የእነሱን ነው የምኖረው?» አሉ።

«እንደዚያ ተብሎ አይቆጠርም አያቴ።»

«መልካም። አስፈርቶኝ ነበር።»

ሱየን ትዕግስቷ አለቀ። «ይሁን፣ በቁጥር አትምጡብኝ። ዳክዬዎቹ ነገ ይመጣሉ። የቶአን እናት እሺ ብላለች። ታም፣ ፈተና ሁልጊዜ አለ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትፈተኛለሽ። እናትሽም በአንድ ሳምንት ነው ያገባችው። ምን ጎደለባት?»

ሉዋ እዚህ ላይ ነው መቀሱን ያስቀመጠችው።

አርባ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቋት ስለ አማቷ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ስትናደድ ሰፌድ ታስቀምጣለች፣ ጠንከር አድርጋ። ቤቱ ያወቀላት ንዴት ያ ብቻ ነው።

«ምን ጎደለባት አልሽ፣ እትዬ?» አለች። «ልንገርሽ። ኮሌታ ጎደለባት።»

«የምን ኮሌታ?»

«ተይው፣ አይገባሽም። እኔን የዳረኝ ይህ ሳል ነው። ይኸው ራሱ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ፤ ከወንድምሽ ጋር የኖርኩትን ሳይቀር ይበልጣል። ትምህርቴን ያስተወኝ እሱ ነው። ጣሪያዬ ያፈሰሰው ለእሱ ነው። ባሌ እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ የሞተው አባባ ይለፉና እያለ ነው፤ እሱ አለፈ፣ አባባ አሉ። እሰየው፣ ይኑሩልኝ፣ ሩዝ አልነሳኋቸውም። ልጄን ግን ለዚህ ሳል ደግሜ አልድርለትም።»

ታም ማዳመጫዋን እጇ ላይ ጠቅልላ ወለል ወለሉን ታያለች። ሉዋ ወደ አልጋው ዞረች፤ ከጀመርኩት አይቀር ብላ።

«አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ። ይሞታሉ ወይስ አይሞቱም? ቁርጡን ይንገሩን። በየዓመቱ ተሰናበቱን፣ እኛም በየዓመቱ ደነገጥን። እኔ ደክሞኛል።»

አያ ሳው ተነስተው ለመቀመጥ ሞከሩ፤ ታም ደገፈቻቸው። እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ጣቶቻቸውን እያዩ ቆዩ።

«ልጄ» አሉ፣ «እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም።»

«ምኑ?»

«ማርጀት። አባቴ ሽበት ሳያወጣ ሄደ። አያቴን አላየሁትም። በዚህ ቤት ሽማግሌ ሆኖ ያሳየኝ ሰው የለም። ሽማግሌ ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል? ምን ብሎ ነው ሰው መሀል የሚቀመጠው? መሰናዳቱን ብቻ አየሁ፣ መሰናዳቱን ተማርኩ። ተሰናድቼ ቁጭ አልኩ። ልጄ ቀድሞኝ ሲሄድ ደግሞ ጭራሽ ሩዝ ስበላ ማፈር ጀመርኩ። አልሞትም ማለት እንዴት ይቻላል? እሄዳለሁ እያልኩ ብበላ ይሻላል ብዬ ነው።»

ሉዋ እንደነገረችኝ እዚህ ላይ ልታዝንላቸው ይገባ ነበር። «ሊያሳዝኑኝ ሲሉ ጣሪያው ትዝ አለኝ» ነው ያለችኝ።

«አርባ ዓመት ይሰናዱታል፣ አባባ?» አለች። «እኔን ሙሽራይቱን እንኳ በአንድ ሳምንት አሰናድታችሁኝ የለ?»

አያ ሳው ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ። ሳሉ ደግሞ እያየለ፣ እያየለ፣ እስከ ወገባቸው አጎነበሳቸው። ሱየን ብድግ አለች፤ ታም ጀርባቸውን ያዘች፤ ሉዋ የተቀመጠችበት ደርቃ ቀረች። በልቧ ያለችውን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ጻፈው ብላኛለች። «አሁን ቢሞቱ በሰርጌም በልጄም ሰርግ ላይ ሞቱብኝ ማለት ነው» ነበር ያለችው። ከዚያ ሳሉ እየቀለለ መጣ። አያ ሳው አፋቸውን ጠረጉ፣ መሀረባቸውን ገልጠው አዩ፣ አጠፉት። ሁሉም እሳቸውን ያያል።

«አልሞትኩም» አሉ፣ እንደማፈር ብለው።

ሱየን ተመልሳ ተቀመጠች።

«ልጅቷ ትፈተን» አሉ ቀጥለው። «ስትጨርስ ታግባ። ከዚያ በፊት ብሞት ሐዘኑ ይቀነስላት፤ እኔ ነኝ ባለቤቱ፣ ቀንሻለሁ።»

«እንደሱ ይደረጋል እንዴ?» አለች ሱየን።

«እኔ ከሞትኩ በኋላ ማን ይጠይቀኛል?»

«ዳክዬዎቹስ?»

«ዳክዬ ምን ቸኩሎ ይታረዳል። ቦዩ ውስጥ ልቀቂው። ሁለቱን ብቻ በሩዝ አጥሚት ሥሩልኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል።»

ሱየን ለቶአን እናት ልትደውል ደጅ ወጣች፤ ድምጿ ግን ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። «አይ፣ አልሞቱም። አዎ። አይ፣ ደህና ናቸው። ምን ላድርግ ታዲያ?» ትላለች። ታም የመጨረሻውን አውቶቡስ ለመያዝ ስትወጣ እናቷን በሩ ላይ አቀፈቻት። ሁለቱም እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላቸውም፤ ቶሎ ተላቀቁ።

«ኮሌታ ያልሽው ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

በማግስቱ ጠዋት ሉዋ ገበያ አልወጣችም። ከአልጋዋ ሥር ካለው ቆርቆሮ ሳጥን የሰርግ ቀሚሷን አወጣች። ያን ጊዜ መምህርቷ በአንድ ሌሊት ሰፍታ በጀልባ የላከችላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ልብሱን ነክታው አታውቅም፣ ስታየው ደሟ ይፈላ ነበር። ቤቱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበትና ልብስ የሚዘረጋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። በርበሬውን ጠረገችና ቀሚሱን የሬሳ ሳጥኑ ክዳን ላይ ዘረጋችው። ምላጭ ይዛ ኮሌታውን ከአንገቱ ላይ ስፌት በስፌት መፍታት ጀመረች። ውስጡ ምን እንዳለ፣ እንዴት ታጥፎ፣ በስንት ድርብ ጨርቅ ቀጥ ብሎ እንደቆመ እያየች።

አያ ሳው የአጥሚት ሳህናቸውን ይዘው መጡና ከሳጥኑ ማዶ ቆሙ።

«ለማን ነው?»

«ለታም። ከእሱ ላይ ልማርና አዲስ እሠራላታለሁ።»

«መቼ ልታገባ?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ።»

«እንግዲህ እኔ ለሚመጣው ቴት እንኳ...»

«አባባ» አለች ሉዋ ቀና ሳትል፣ «ብርሃኑን ከለሉብኝ። ሳህኑን ያስቀምጡና ይህን ጫፍ ይያዙልኝ።»

አያ ሳው ሳህናቸውን አስቀመጡ። ጫፉን ያዙ።